ወር ተረኛዋ ፊያት

የብቸና ከተማ የሚሊኒየም አቀባበል የጽዳትና ውበት ኮሚቴ፣ በሐምሌ 1999 ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ አጀንዳውን በስፋት መርምሮ፣ ግራ ቀኙን አገናዝቦ፣ ሻዩንም ጠጥቶ፣ የልብስ ሰፊው የአቶ መንግስቴ መኪና ቆሻሻ መሆኗን በአንድ ድምፅ አጽድቋል። እስከ ጳጉሜን መጨረሻ በራሷ ጉልበት ካልተንቀሳቀሰች፣ በሰው መኪና ተጭና ወደ ብረት ማቅለጫ ትሄዳለች።

ውሳኔውን ይዞ የመጣው የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰማው ነው። የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፉለት አቶ መንግስቴ ናቸውና ሲያነብ ዓይናቸውን አላየም።

«ጋሼ፣ አዲሱን ሺህ ዓመት በአሮጌ ብረት እንቀበለው?»

«አሮጌ የሚጫን ከሆነ ከእኔ ጀምሩ። እሷ ታንሰኛለች።»

መኪናዋ ፊያት 850 ናት፤ አፍንጫ የሌላት፣ ሞተሯን ከኋላ ያዘለች፣ ሰባት ሰው የምትይዝ አረንጓዴ ቫን። ከተማው «ሙልሙል» ይላታል። አቶ መንግስቴ በደርግ ጊዜ ከጨረታ ገዝተው ስንቱን ሙሽራ አመላልሰውባታል። ቤንዚኑን ከአየር የሚያዋህደው ካርቡሬተር ተሰንጥቆ ከቆመች ግን ክረምቶች አለፉ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥቧታል። ባለቤታቸው ወይንእሸት ከደጅ ሆነው፣ «የእኔን ጀርባ እንዲህ አሽተህ አታውቅም» ይሏቸዋል።

መላውን ያመጣው ከሞጣ የመጣ የኑግ ነጋዴ ነው። «እዚያም እንደ እርስዎ ያለ አንድ...» አለና «እብድ» የምትለዋን ዋጣት። «ብቻ ያችኑ የመሰለች ቀይ አለችው።»

አቶ መንግስቴ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ሐሳባቸው ተጠናቆ ነበር፤ የሰውዬውን መኪና ይገዛሉ፣ ካርቡሬተሯን ይፈታሉ፣ የቀረውን ለዶሮ ማደሪያ ይተዉለታል።

ሞጣ ላይ የቀይዋ ባለቤት፣ የጨርቅ ነጋዴው ሙሐመድሸሪፍ፣ ከሱቁ ጀርባ ወስዶ ሸራ ገለጠላቸው። አቶ መንግስቴ ዙሪያዋን ዞሩ፤ በሯን ከፍተው ዘጉ። ድምፁ የሙልሙል ድምፅ ነበር። ስለዚች መኪና የሚያወሩት ሰው ካገኙ ስንት ዘመናቸው ነው። ስለ ማርሿ ግትርነት፣ ዳገት ላይ ስለምታመጣው ሳል፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየጨረሰ አወሩ።

«ታዲያ ምን ጎደላት?»

«እሳቱን የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ነዋ። ካርቡሬተሯማ ሙሽራ ነው» አለ ሙሐመድሸሪፍ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደው ጋሼ፣ ያችን የብቸናዋን በስንት ይለቁልኛል? የምፈልገው አንድ ዕቃ ነው፤ የተረፈውን ቆራርጠው ይጣሉት።»

አቶ መንግስቴ የገዛ ሐሳባቸውን በሰው አፍ ሲሰሙት ደማቸው ፈላ። «በቁሟ ልትገፍፋት ነው?»

«እርስዎስ ለምን መጡ?»

ሻይ ይዛ በሩ ላይ የቆመችው የሙሐመድሸሪፍ ሚስት ዘኪያ ሳቋን ለቀቀችው። «ሁለት ባለ በግ፤ ሁለቱም ቢላዋ የሚስሉት ለጎረቤት በግ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ። ኋላ አቶ መንግስቴ፣ «እኛ ማኅበር አለን» አሉ። «ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል። ተራው ያልደረሰውን ሰው ቤት ግን አናፈርስበትም።»

«ይኼማ ዕቁብ ነው» አለ ሙሐመድሸሪፍ። «የእኔ ካርቡሬተርና የእርስዎ ዲስትሪቢዩተር ወር ወር ይዙራ። አንዷ ስትሄድ አንዷ ትቆማለች። ዕጣ እናውጣ።»

ዕጣው ለሞጣ ወጣ። ነሐሴ የሞጣ ሆነ፤ ጳጉሜንም ምርቃት ሆና ተጨመረችበት።

አቶ መንግስቴ ብቸና ተመልሰው የሙልሙልን ዲስትሪቢዩተር በገዛ እጃቸው ፈቱና በአውቶቡስ ላኩት።

«ሊጭኗት ቀን ቆርጠውላት ልቧን አውጥተህ ሰጠህ?» አሉ ወይንእሸት።

«ዕጣ ነው።»

በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን የሚጭናት አይሱዙ መጣ፤ ኮሚቴው መጣ፤ ሥራ ፈት ሁሉ መጣ። አቶ መንግስቴ ሙልሙል ውስጥ ገብተው መሪዋን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ይውረዱ ጋሼ» አለ ሰማው።

«ከነነፍሴ ጫኑኝ።»

ጫኞቹ ኮሚቴውን፣ ኮሚቴው ሰማውን ሲያይ፣ ከደብረ ወርቅ በኩል የሚያስል ነገር ተሰማ። ቀይዋ ፊያት እስከ መስኮቷ ጭቃ ተቀብታ መጥታ ከሙልሙል ጎን ቆመች። ሙሐመድሸሪፍ መፍቻ ይዞ ወረደ።

«ተራህ ገና አላለቀም» አሉ አቶ መንግስቴ።

«የኑግ ነጋዴው ሁሉን ነግሮኛል። በዕቁብ የቸገረው ይቀድማል። ለቅቄያለሁ። ይልቅ ይውረዱና ይያዙልኝ።»

ኮሚቴው ፊት ሁለቱንም ዕቃ ከቀይዋ ፈትተው ለአረንጓዴዋ ገጠሙ። ሙልሙል ሁለቴ አነጠሰች፤ በሦስተኛው ተነሳች፤ ኮሚቴውን በጭስ አጥና ከተማዋን ዞራ ተመለሰች። ቀይዋ በተራዋ ሬሳ ሆና መንገዱን ዘግታለች።

«አንድ ቆሻሻ ነበረን፤ ሁለት አደረጋችሁት» አለ ሰማው። «ይቺኛዋ ትጫን።»

«ውሳኔያችሁ የብቸናን ቆሻሻ ነው የሚለው» አለ ሙሐመድሸሪፍ፣ ቀይዋን ከሙልሙል ኋላ በገመድ እያሰረ። «ይቺ የሞጣ ቆሻሻ ናት።»

ሰማው ወደ ሙልሙል መስኮት ተጠጋ። «ጋሼ፣ ሁለቱን አንድ ብታደርጓቸው ጤነኛ መኪና ይወጣችሁ ነበር። ወር በወር መፍታት፣ ወር በወር መግጠም... ለምንድን ነው? ለቃለ ጉባኤው አንድ ምክንያት ይስጡኝ።»

አቶ መንግስቴ ቀይዋን ወደ ሞጣ ሊጎትቱ ማርሽ አስገቡ።

«አላስረዳም» አሉት።