ቁልቁለት በማርሽ

ሰፈሩ ሁሉ ተሳቢ ነው የሚለው፤ እናት አባቱ ያወጡለት ስም ከተረሳ ቆይቷል። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጣ። አሁን የሚነዳው ስለሌለው የሰው አነዳድ ያማል። ታክሲ ውስጥ ገብቶ አፉን ይዞ የወረደበት ቀን የለም። "ልጄ፣ ፍሪሲዮኑን ጨርሰህ ርገጥ እንጂ! ካምቢዮው ምን በድሎህ ነው እንዲህ የምታስለቅሰው?" ይላል ከኋላ ወንበር። ሾፌሮቹ ስለሚያውቁት ይስቃሉ።

አንዲት ልጅ አለችው። ሕፃን ሳለች ታማ ግራ እግሯ አልታዘዝ ስላላት በክራንች ነው የምትሄደው። እሷ ግን የዋዛ አይደለችም፤ መነጽር ቤት ተቀጥራ ሌንስ ትሞርዳለች። ድሮ አባቷ ደግፎ ታክሲ ላይ ሲያወጣት ረዳቱ "ቶሎ በሉ እንጂ!" ይላል፣ ተሳፋሪው ከንፈሩን ይመጣል፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ትችላለች። ችላ ችላ መጨረሻ ላይ አውቶማቲክ መኪና ገዛች፤ ፍሪሲዮን የሌላት፣ በቀኝ እግር ብቻ የምትነዳ። ከዚያ ወዲህማ ማን ይቻላት! ብቻዋን ትወጣለች፣ ብቻዋን ትገባለች። "ልርዳሽ" የሚላት ሲመጣ "መጀመሪያ ራስህን እርዳ" ብላ ትስቃለች።

ተሳቢ መኪናዋን ይንቃት ነበር። "ማርሽ የማይቀየርለት ነገር ምኑን መኪና ሆነ? የልብስ ማጠቢያ በሉት" ይላል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነዳጅ አስሞላልኝ ብላ ቁልፉን ሰጠችው።

"አባዬ፣ ግራ እግርህን አጣጥፈህ አስቀምጠው። እዚያ ሥራ የለውም።"

"አንቺ ነሽ ደግሞ መንዳት የምታስተምሪኝ?" አለና ወጣ።

ጉዱ የፈላው ከማደያው ሲመለስ ነው። ከገበያው በላይ መንገዱ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ተሳቢ ደግሞ ቁልቁለት ካየ ሌላ ሰው ነው። ለስንቱ ጀማሪ "ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወረድም" እያለ ያስተማረ፣ ፍሬን አምነው የወረዱትን ገደል ሥር ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ብቅ ሲል ራሱ አላሰበም፤ አካሉ አሰበለት። ግራ እግሩ የሌለ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን ደለቀው። ቀኝ እጁ የማርሹን ዘንግ ጎኑ ላይ ካለችው መጫኛ ጋር ጨምድዶ ወደ ፊት ገፋው። በዚያ በትልቁ መኪና ቢሆን ሦስተኛ ነበር የሚገባው። እዚህ ግን የገባው የኋላ ማርሽ ነው።

መኪናዋ ከሆዷ ውስጥ ግው! አለች። ተንቀጥቅጣ ሞተሯ ጠፋና ቀጥ አለች። ከኋላ ያለው ሾፌር ጥሩንባውን ለቀቀበት፤ ስድብም መረቀለት። ተሳቢ የትኛውንም አልሰማ።

"ወይኔ! እጄን ይቁረጠው!" አለ።

ሲያስነሳት ተነሳች። ወደ ፊት ሲያስገባት ግን ቶሎ አልያዘችም፤ ቆይታ፣ አቅማምታ ነው የሄደችው። ቀጥታ ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ የሚሠራ፣ ወሬ የማይወድ ጎልማሳ ነው። የሆነውን ሁሉ ሰማ። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘና ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ አየው፤ አሸተተውም።

"ተጎድታለች?" አለ ተሳቢ።

"ተጎድታ ይሆናል። ላትጎዳም ትችላለች።"

"ይኼ ምን የሚሉት መልስ ነው? አንተ መካኒክ ነህ ጠንቋይ?"

"አባት፣ ሳይከፈት አይታወቅም። ዘይቷ ትንሽ ይሸታል። እንዲህ ሆና ዓመታት የምትሄድ አለች፤ በማግስቱ የምትቆምም አለች። ዛሬ ማንሻው ላይ ሌላ መኪና አለብኝ፤ ነገ ከሰዓት ያምጧት፣ እከፍታታለሁ። እስከዚያ ብቻ ዳገት አያስወጧት።"

ዳገት አያስወጧት! ልጁ ሰኞ ጠዋት ሌላ መነጽር ቤት አዲስ ሥራ ልትጀምር ነው፤ አዲሱ መነጽር ቤት ደግሞ ታክሲ የማይደርስበት ዳገት ጫፍ ላይ ነው።

ማታ እራት ሲቀርብ እሷ ነጭ ጋዋኗን እየተኮሰች ነበር። እየተኮሰች ታወራለች።

"አባዬ፣ አዲሶቹ አሠሪዎቼ 'በምን ትመጫለሽ?' ብለው ጠየቁኝ። ክራንቼን እያዩ ነው እኮ። 'በመኪናዬ' አልኳቸው። እንዲህ ስል ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ብታይ!"

ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። ከፍቶ ጉርሻ ከተተበት። 'ላትጎዳም ትችላለች ብሎኛል' አለ በሆዱ፣ ያቺን ብቻ ይዞ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንቴ ሰምቷል፤ መስማቱ ምን ሊጠቅመው!

ጠዋት በር ላይ እንደ ምንም ብሎ "ዛሬ መኪናዋን ብትተያትስ?" አላት።

"ትቻት በምን ልሂድ? በአሞራ?"

"እሺ፣ እኔም አብሬሽ ልምጣ።"

"በመጀመሪያው ቀን አባቷ አመጣት ሊሉኝ? ኧረ ተወኝ አባዬ!" ጉንጩን ሳመችውና ሄደች። የመኪናዋ ድምፅ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ።

የፈሩት ይደርሳል። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ! መኪናዋ ታጓራለች እንጂ አትሄድም። ነዳጅ ስሰጣት ወደ ኋላ ትንሸራተትብኛለች። ዳገቱ መሀል ነኝ፤ ከኋላዬ መኪና ሞልቷል። ምን ላድርግ?"

ተሳቢ ለካምቢዮ ሕመም ሁሉ መድኃኒት ነበረው። በሌሊት፣ በጭቃ፣ በረሃ መሀል ስንቱን አስነስቷል። አሁን ግን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ጫማውን ያጠልቃል።

"አባዬ፣ ትሰማኛለህ? አንተ ሾፌር አይደለህ እንዴ? ንገረኝ እንጂ!"

"የእጅ ፍሬኑን ሳቢ። ፍሬኑንም እንዳትለቂ። መጣሁ።"

ታክሲው ዳገቱ ሥር ጣለው። ከዚያ በእግሩ ነው የወጣው። ሰዎች ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርገውላታል። እሷ ግን አላመነችም፤ ቀኝ እግሯ ፍሬኑን እንደረገጠ ይንቀጠቀጣል። ጋዋኗ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል።

"እኔ ነኝ የሰበርኳት" አላት በመስኮቱ። "ትናንት፣ ቁልቁለቱ ላይ። የኋላ ማርሽ አስገባሁባት። መካኒኩም ዳገት አያስወጧት ብሎኝ ነበር።"

"ብሎህ ነበር?"

"ብሎኝ ነበር።"

"ስደቢኝ፣ ልጄ። ስደቢኝ በቃ" አለ። አልሰደበችውም። ያ ባሰበት።

"እህት፣ ውረጂና ገፍተን ዳር እናስይዛት!" አለ አንዱ ከኋላ። ክራንቹን አላየም፤ በምን ይወቅ። እሷም እንደ ሁልጊዜው ብቻዋን ልትወርድ በሩን ከፈተችና ክራንቹን ተመርኩዛ ብድግ አለች። ፍሬን ሲይዝ የቆየው ደህነኛው እግሯ ደንዝዞ ኖሮ ከዳትና ተመልሳ ወንበሩ ላይ ወደቀች። እንደገና ሞከረች። እንደገና ወደቀች። ጥሩንባው ሁሉ ጸጥ አለ፤ ሰው ከንፈሩን መምጠጥ ጀመረ።

ፊቱን ሳታይ ሁለት እጇን ዘረጋችለት። "በል አንሳኝ" አለች።

አቅፎ አነሳት። ከብዳዋለች።

"ወዴት ልውሰድሽ፣ የኔ እናት? ወደ ሥራሽ ነው ወደ ቤት?"

ፊቷን አንገቱ ሥር ቀበረች። "ሰው በማያየኝ በኩል" አለችው።

ተሳቢ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። መንገዱ ግራና ቀኙን ሰው ነበር።