መርዶ ለጉድሩን

ይርገዱ የእንግዶቹን አንሶላ ልትገፍፍ ጎንበስ ስትል ተገፍፎ፣ ታጥፎ፣ ትራሱ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። “እነዚህ ሰዎች እኮ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው የሚመጡት” ብላ ብቻዋን ሳቀች። ያን ጊዜ ስልኳ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ጮኸ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሮቴም ናት።

“ይርገዱ ማሚ፣ የኔ ውድ፣ ሆስፒታል ነኝ፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት፤ ብዙ ማውራት አልችልም። የእንግዳችን የጉድሩን የእህት ልጅ ከጀርመን ደውሎልኝ ነበር። የእሷ ስልክ ዝግ ነው። እህቷ በጣም ታማለች፤ ወደ ቤት ትደውል በያት። ቤሰደር?”

“ቤሰደር፣ እሺ” አለች ይርገዱ። ስልኩ ሲዘጋ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ይህን አነጋገር ታውቀዋለች። ከመጣችበት ከጎንደር እስከምትኖርባት ቂርያት ማላኪ፣ በስልክ “በጣም ታሟል” ተብሎለት የተነሳ ሰው እስካሁን አላጋጠማትም። የገዛ አባቷም “ትንሽ አሞታል” ሲባል ሰንብቶ ነው ከተቀበረ በኋላ የተነገራት። ታመመ የሚባለው ሩቅ ያለው ዘመድ ልቡን ቀስ እያለ እንዲያዘጋጅ ነው። እንግዲያውስ የጉድሩን እህት ሞታለች፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ሮቴምም ምጥና ሞት በአንድ ቀን መጥቶባት፣ ቃሉን ከአፏ ማውጣት ከብዷት ይሆናል።

በመስኮቱ አሻግራ ወደ ግቢው አየች። ጉድሩን ከሎሚው ዛፍ ሥር በረጅሙ ወንበር ላይ ተንጋላ መጽሐፍ ታነባለች። ያን ወንበር በማለዳ ተነስታ ፎጣ አንጥፋበታለች። ሰሞኑን ማረፊያው ውስጥ ከእሷና ከባሏ ከዲትማር በቀር እንግዳ የለም፤ ወንበሩን ማን ይቀማኛል ብላ እንደምትፈራ ለይርገዱ እስካሁን አልገባትም። ግን ነገራቸው ሁሉ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ብርቱካን ሲያብብ ወደዚህ፣ ወደ ገደራ ይመጣሉ፤ ያው ሳምንት፣ ያው ክፍል፣ የሚመጣውንም ዓመት ሳይሄዱ ያስይዛሉ። ጥቁር ዳቦ በሻንጣ ይዘው ይመጣሉ። የአገሩ ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ ቤቱ ሲገባ እነሱ በካልሲ ላይ ሰንደል ጫማ አድርገው በእግር ይወጣሉ። ስልካቸውን ደግሞ በደረሱ ዕለት ዘግተው ሻንጣ ውስጥ ይከቱታል፤ ለቤተሰብ የሚተዉት የሮቴምን ቁጥር ብቻ ነው። “እረፍት ከሆነ እረፍት ነው” ትላለች ጉድሩን። በወጣትነቷ ኪቡጽ በሚባል የጋራ እርሻ መንደር ውስጥ በበጎ ፈቃድ ሠርታ ስለነበር ዕብራይስጥ ትናገራለች፤ ስብርባሪ ዕብራይስጥ፣ ልክ እንደ ይርገዱ። ሁለቱን ያቀራረባቸውም ይኸው ነው፤ አንዷ የሌላዋን ስህተት አታርምም።

ይርገዱ ትወዳታለች። ለዚያ ነው ልቧ የተጨነቀው። እሷ ራሷ ወንድሟ ሲሞት ያቭነ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ታሽግ ነበር። አለቃዋ መጣና፣ ማሽኑ እየጮኸ፣ እሷም እንደቆመች፣ “ወንድምሽ ሞቷል፣ ወደ ቤት መሄድ ትችያለሽ” አላት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ አገሩ እንዲያ ነው። እሷ ግን ያን ዕለት በሲሚንቶው ላይ ስትወድቅ የሚይዛት እጅ አልነበረም። ጉድሩንን እንዲያ አታደርጋትም።

የባሏ እህት ለሆነችው ለሙሉእመቤት ደወለች። ሙሉእመቤት ቂርያት ማላኪ ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች።

“ባሏስ?” ጠየቀች ሙሉእመቤት ነገሩን ከሰማች በኋላ።

“በብስክሌት ያቭነ ሄዷል፣ አሸዋው ላይ ወፍ ሊያይ። ማታ ካልደረሰ አይመለስም።”

“ወፍ? ምን ያደርግለታል?”

“ያየዋል፣ ከዚያ ይመለሳል።”

“ጉድ ነው። በይ ስሚኝ፤ ባሏ እስኪገባ ትንፍሽ እንዳትዪ። እህል ቅመሽ በያት። በባዶ ሆድ እንዳትሰማው። አባ ጀምበሬን ይዤልሽ እመጣለሁ።”

“አባ ጀምበሬን? ለጀርመን?”

“ጀርመን እህት የላትም? ያላ፣ በይ ምግቡን ሥሪ።”

አባ ጀምበሬ በሠፈሩ መርዶ ነጋሪ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ግን ክፉ ወሬ በመጣ ቁጥር ሰው የሚጠራው እሳቸውን ነው። አንደበታቸው ለስላሳ ነው፤ ሰው በእሳቸው ፊት ሲወድቅ ቀስ ብሎ ይወድቃል ይባላል።

ይርገዱ ምስር ክክ ጣደች። ሽታው ግቢውን ሲሞላው ጉድሩን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወደ ማድ ቤቱ መጣች።

“ምሳ አላዘዝንም እኮ” አለች።

“የእኔ ግብዣ ነው። ተቀመጪ።”

“ደስ ይለኛል። ከዚያ በእግሬ ወደ ወይን እርሻው እሄዳለሁ።”

“ዛሬ አትሂጂ!” አለች ይርገዱ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። “ሙቀት ነው። ዲትማር እስኪመጣ ቆዪ።”

ጉድሩን ትንሽ ተገረመች፤ ግን ሳህኗን ተቀብላ ተቀመጠች። ስለ ምስሩ ጠየቀች፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ምን ምን እንደሚገባበት። ይርገዱ አፏ መለሰ እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም።

“እህት አለሽ አይደል?” አለች መጨረሻ ላይ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ድስቱን እያማሰለች።

“ኢልሴ!” የጉድሩን ፊት በራ። “ታላቄ ናት። አበቦቼን የምታጠጣልኝ እሷ ናት። ከዚህ ስመለስ ኬክ ትጋግርና ሁሉንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ በተራ እነግራታለሁ። በመሃል ስደውልላት ትቆጣለች። ‘ወሬውን አትጨርሺው፣ ለኬኩ አስቀምጪው’ ትለኛለች።”

ይርገዱ እንባዋ መጣባት። ቧንቧውን ከፍታ የታጠበ ሳህን ደግማ አጠበች።

ሙሉእመቤትና አባ ጀምበሬ በአውቶቡስ ወርደው ሲደርሱ ፀሐዩ ዘንበል ብሎ ነበር። ሙሉእመቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። አባ ጀምበሬ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ሰላምታውን በአማርኛ አወረዱት፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ አገሯ ዝናብ ጠየቁ። ጉድሩን ግራ ገብቷት፣ ግን በትሕትና፣ ወንበር አመጣችላቸው። የራሷንም ወንበር ፎጣውን አንስታ ለሽማግሌው ሰጠች።

“ዘመዶችሽ ናቸው? እንዴት ጥሩ ሰዎች ናቸው! ግን ለምን መጡ?”

“ሊጠይቁሽ” አለች ይርገዱ።

ብዙም ሳይቆይ ዲትማር አሸዋ ለብሶ ገባ። በደስታ ያየውን ወፍ ለሚስቱ በጀርመንኛ እየነገራት ሳለ ተቀምጠው የሚያዩትን እንግዶች ልብ አለና ዝም አለ። አባ ጀምበሬ ለይርገዱ በዓይናቸው ምልክት ሰጧት። ሰው ተሟልቷል፤ ባል ገብቷል፤ ሴትዮዋ እህል ቀምሳለች። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልጄ፣ መቼም ሰው ነን። እግዜር የሰጠንን እንወዳለን፣ የወሰደብንን ደግሞ…”

የይርገዱ ስልክ ጮኸ። ሮቴም ናት። አባ ጀምበሬ አቋረጡ። ይርገዱ ፈቀቅ ብላ ከበሩ ሥር አነሳችው።

“ምን ሆናችሁ ነው? ለምን አልደወለችም?” ሮቴም ተቆጥታለች። “የእህቷ ልጅ ደግሞ ደወለ። እናቱ ጉድሩንን እየጠበቀች ነው። ሐኪሞቹ ማታውን አታልፍም ብለዋል።”

“እየጠበቀች?” ይርገዱ የበሩን መቃን ያዘች። “አልሞተችም?”

“ማን አለሽ ሞተች? ታማለች አልኩሽ እኮ! ታማለች!”

ይርገዱ ስልኩን እንኳ አልዘጋችውም። አባ ጀምበሬ ያቋረጡትን ቃል መልሰው ሊያነሱ አፋቸውን ሲከፍቱ በመሃላቸው ገባች። በዕድሜዋ ሽማግሌ ሲናገር አቋርጣ አታውቅም።

“ጉድሩን፣ እህትሽ ታማለች። በጣም። በሕይወት አለች፣ ግን ጊዜ የላትም። አሁኑኑ ደውዪ!”

ጉድሩን ተነሳች። ምንም አልጠየቀችም። ወደ ክፍሏ ሮጠች፤ ዲትማርም ተከተላት። ሻንጣው ሲጎተት፣ ሲከፈት ተሰማ። የተዘጋው ስልክ እስኪበራ የሚፈጀው ጊዜ ይርገዱን ሊገድላት ደረሰ። በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል የጉድሩን ድምፅ መጣ። በጀርመንኛ ትናገራለች፤ መጀመሪያ በጥድፊያ፣ ኋላ ቀስ እያለች፣ ለረጅም ጊዜ። አልፎ አልፎ የቦታ ስም ይሰማል፤ ገደራ፣ ያቭነ። አንዴም ሳቀች። ይርገዱ የምታደርገው ገባት፤ ወሬውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ በተራ እየነገረቻት ነው።

“ምን ጉድ ውስጥ ከተትሽኝ?” አሉ አባ ጀምበሬ በለሆሳስ። “በሕይወት ያለች ሴት ሞተች ብዬ ላረዳ?”

“ጥፋቱ የእኔ ነው አባ።”

“የእኔም ነው” አለች ሙሉእመቤት። ነጠላዋን ቶሎ ብላ አቃንታ ለበሰች።

ጉድሩን ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ዲትማር ከኋላዋ ቆሞ፣ አውሮፕላን የተገኘው ለነገ ጠዋት ነው አለ።

“ሰማችኝ” አለች ጉድሩን። “ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ይርገዱ፣ የደወሉልሽ መቼ ነው?”

ሙሉእመቤት ዕብራይስጥ ብዙም አትችልም፤ ጥያቄው ግን ገብቷታል። “አሁን ነው በያት” አለች በአማርኛ፣ ፊቷን ሳታዞር። “እንጀራሽ እንዳይዘጋ።”

ይርገዱም አሁን ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ጀርመኖች ወደ አገራቸው ሲገቡ ስላረፉበት ቤት አንድ ሳያስቀሩ በኢንተርኔት ይጽፋሉ፤ ሮቴምም እያንዳንዱን ቃል ታነባለች። ሌላ ሥራ በዚህ ዕድሜ ማን ይሰጣታል? ግን ፊት ለፊቷ የቆመችው ጉድሩን ናት።

“ምሳ ሳይደርስ ነው” አለች። “እዚያ ወንበር ላይ እያነበብሽ ሳለ። እኔ የሞተች መሰለኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ነው ታሟል የሚባለው። ባልሽ እስኪመጣ፣ እህል እስክትቀምሺ፣ ሰው አጠገብሽ እስኪሆን ብዬ ደበቅሁሽ። እነዚህም የመጡት ለዚያ ነው።”

ጉድሩን ሽማግሌውን አየች፤ ሙሉእመቤትንም አየች። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታያል።

“ምሳ ሳይደርስ ትናገር ነበር” አለች። “ልጇ ነግሮኛል። አሁን መስማት እንጂ መናገር አትችልም።”

ይርገዱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። “በድዬሻለሁ” አለች። “ይቅር በይኝ።”

“ለእኔ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ግን በጣም ተናድጃለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።” ጉድሩን እጇን ዘርግታ የይርገዱን ክንድ ነካ አድርጋ መለሰችው። “አሁን ሂዱ። ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ።”

“ከፈለግሽኝ ደውዪልኝ።”

“ከፈለግኩሽ እደውላለሁ።”

ይርገዱ ሽርጧን ፈትታ ቦርሳዋን አነሳች። አባ ጀምበሬ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላሉም።

“እንዴት ነው የምትሄጂው? ሰው እንዲህ ባለ ቀን ብቻውን ይተዋል? ሂዱ ያለችው ለይሉኝታ ነው እንጂ።”

“አይደለም አባ። እነሱ ታማለች ሲሉ ታማለች ማለታቸው ነው። ብቻዬን ካለችም ብቻዬን ነው። ዛሬ አንዴ አላመንኳቸውም፤ ይበቃኛል።”

ይህን ትበል እንጂ ያዘነ ሰው ትቶ መሄድ አልተማረችም። ሽማግሌውን በክንዳቸው ደግፋ አስነሳች፤ ሦስቱም ከግቢው ወጡ፤ የብረት በሩንም ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ፌርማታው ከመንገዱ ማዶ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የሥራ ሰዓት ስላበቃ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። ትንሽ ቆይቶ ወደ ቂርያት ማላኪ የሚሄደው አውቶቡስ ብቅ አለ። ሙሉእመቤት ዘንቢሏን አነሳች። ይርገዱ ግን ለማስቆም እጇን አላወጣችም። ሾፌሩ ተቀምጠው ስላያቸው በራሱ ፍጥነት ቀነሰና በሩን ከፈተ።

“ያላ፣ አትሳፈሩም?”

ይርገዱ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። “አንተ ሂድ” አለችው። “የሚቀጥለው ይደርስልናል።”

አውቶቡሱ ሄደ። ከአግዳሚው ላይ የጉድሩን መስኮት ይታያል፤ መብራቱ ገና አልበራም። አባ ጀምበሬ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ወደ መስኮቱ ዞረው ተመቻቹ። ሙሉእመቤትም ዘንቢሏን መልሳ መሬት አኖረች።