ውሃ ያልጠጡ ሦስት መደቦች

ለዘጠኝ ቀን ሦስት መደብ ውሃ አላጠጣሁም። መዝገቡ ላይ ግን አጠጥቻለሁ፤ በየቀኑ አንድ ራይት፣ ከራይቱ አጠገብ ፊርማዬ። ዘጠኙም ፊርማ አንድ ዓይነት ነው። አሁን ገልጬ ሳየው የሚገርመኝ እሱ ነው።

ሥራዬ ተክል ማሳደግ ነው። በምርምር ጣቢያው ግቢ ጫፍ ላይ ባለችው የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ለደም ግፊት መድኃኒት የሚሆን ቅጠል እናበቅላለን። በወረቀት ላይ ስሙ ቁጥር ነው፤ እኛ ግን አኩራፊዋ እንላታለን፣ ፀሐይ ትንሽ ሲበረታባት ቅጠሏን ጥላ ስለምትቀመጥ። መደቦቹ ስድስት ናቸው። ለበሩ የሚቀርቡት ሦስቱ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለላቸው በራሳቸው ጊዜ ይጠጣሉ። ወደ ውስጥ ያሉት አራት፣ አምስትና ስድስት ግን ቱቦ ይገባላቸዋል ሲባል አራት ዓመት ስላለፈ በእኔ ክንድ ነው የሚጠጡት።

አኩራፊዋ አንድ ጠባይ አላት። ውሃ ስታጣ ቅጠሏ እየመረረ ይሄዳል። ምሬቷ ደግሞ መድኃኒቷ ነው። ስለዚህ ውሃው ልክ ካልሆነ መድኃኒቱም ልክ የለውም። ይህን የጣቢያው ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ሥራ በጀመርኩ ቀን ነግሮኛል፤ እኔም ከእኔ በኋላ ለመጣው ሁሉ ነግሬያለሁ። አላወቅኩም ማለት አልችልም።

እናቴ በሞተች በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ዶክተሩ "ምነው፣ ጥቂት ቀን አርፈሽ ብትመጪ" አለኝ። ቤት ከምቀመጥ ይሻለኛል አልኩት። እውነቴን ነበር። ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድሜ የእናታችንን ነጠላ ጫማ ከበሩ ሥር አንስቶ፣ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ይዞት ይዞር ነበር። ሰው ይመጣል፣ አይዞሽ ይላል፣ ይሄዳል። እኔም እሺ እላለሁ። ምንም አልተሰማኝም። ጥርሱን ለማስነቀል የተደነዘዘ ሰው ጉንጩን ሲነካው የሌላ ሰው ጉንጭ ይመስለዋል፤ እኔ ሁለመናዬ እንደዚያ ነበር።

የፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ ባልዲ ደፍቼ መደብ አምስት ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ጎማው እግሬ ሥር ነው። ቧንቧውን ለመክፈት መነሳት እንኳ አያስፈልገኝም። ቅጠሎቹ መጀመሪያ ጎንበስ አሉ፣ ከዚያ ተጠቀለሉ፣ ከዚያ ጫፍ ጫፋቸው ደረቀ። እያየኋቸው ነበር። ሰዓት ሲደርስ ተነስቼ ራይት አደርጋለሁ፣ እፈርማለሁ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ስፈርም ነገ እክሳለሁ ብዬ ነበር መሰለኝ። ከሁለተኛው በኋላ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። የሥራ ጓደኞቼም "ሐዘንተኛ ናት፣ አትረብሿት" ተባብለው ወደ ውስጥ ዝር አላሉም። አንድ ክፉ ሰው መሀላቸው ቢኖር ኖሮ ገብቶ ያየኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን አጠጣኋቸው። ማግስቱ ቅጠል የሚለቀምበት ቀን ስለነበር ይሆናል፤ ሌላ ምክንያት አላስታውስም። በማግስቱ ቅጠሉ ቀና ብሎ፣ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ተገኘ። ጫፉ የደረቀውን ለይቼ ጣልኩና የቀረውን ለቀምነው። ደረቀ፣ ተፈጨ፣ ካፕሱል ውስጥ ተሞላ። ለምርመራ የሚላከው ናሙና እንደ ልማዱ ከመደብ አንድ ተወሰደ። በር ላይ ስለሆነ ይቀርባል፤ ደግሞም ሁሉም ከአንድ እናት ተክል የተቆረጡ፣ አንድ ውሃ የሚጠጡ ናቸው፣ አንዱ ለሁሉም ይመሰክራል ይባላል። መደብ አንድ ግን ያን ሰሞን ሲንደላቀቅ ነው የከረመው። ውጤቱ "ልክ ነው" ተብሎ መጣ።

ካፕሱሉ መታደል በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ መድኃኒቱ ከሚሞከርባቸው አርባ ሁለት ሰዎች አሥራ አንዱ አዞረን አሉ። አንዷ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ደረጃ ስትወርድ ዓይኗ ጨልሞባት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። መድኃኒቱ ቆመ። የመድኃኒት ደህንነት ክትትል ባለሙያዋም መጣች።

ቀጠን ያለች፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሥራዋ መድኃኒት ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ሰምታ፣ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ እየቆጠረች መሄድ ነው። አንድ ነገር ስትነግራት አትከራከርም፣ አታፈጥም። ትጽፍና "ከዚያስ?" ትላለች። ሳምንት ሳይሞላት ከዚያስ የሚል ስም ወጣላት። ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር "ከዚያስ ሻይ ትፈልጋለች" ትል ነበር።

እኔንም ጠየቀችኝ።

"ውሃውስ?"

"በየቀኑ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መዝገቡ ይኸው።"

አገላብጣ አየችው። እንዲህ ንጹሕ መዝገብ ብዙ ቦታ አይገኝም ብላ፣ ለሌሎች ጣቢያዎች ማስተማሪያ እንዲሆን ፎቶ አነሳችው። አመሰገንኳት።

መዝገቡን ልመልስ ስጠብቅ ለልብስ ሰፊዋ ደወለች፤ የስልኩ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል። "እንዴት ዋልሽ? እግርሽስ?" "እግሬስ ይሁን" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ "የስፌት መኪናው እኮ በእግር የሚረገጥ ነው፤ የሰው ልብስ ተቆርጦ ተቀምጦብኛል። ማን ነው ይሄን ያደረገው? ታውቋል?" ከዚያስ "እያጣራን ነው" አለቻት። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ መመሪያ አነብ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ቅጠሉ ልክ ከሆነ፣ ውሃውም ልክ ከሆነ፣ የሚቀረው የሞላው ሰው ነው። ካፕሱል የሚሞሉት ጋሽ ሚዛን ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ሚዛን ፊት የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ ሲመዝኑ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። "ሚዛን ከሰው ይሻላል፣ ፊት አይቶ አይጨምርም" ማለት ይወዳሉ። ከበሽተኞቹ የተመለሱ ሦስት ካፕሱሎች ላቦራቶሪ ገብተው መድኃኒቱ ከሚገባው በግማሽ በልጦ ተገኘባቸው። ለምርመራ ከመበጥበጣቸው በፊት አንድ ጊዜ ሚዛን ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ክብደታቸው ልክ መሆኑ ታይቶ ነገሩ ያኔ ያበቃ ነበር፤ ግን ማንም አልመዘናቸውም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እነዚህ አፍስሰው ለመልቀምም አልተመለሱም። ጋሽ ሚዛን ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ ከሚዛኑ ተነሱ። መጋዘን ገብተው ባዶ ጠርሙስ ሲቆጥሩ መዋል ጀመሩ።

ለወንድሜ ነገርኩት። አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ነገርን እንደ መንገድ ያየዋል፣ የት እንደሚያደርስ ብቻ።

"ሰውየው ለጡረታ ስንት ቀራቸው?" አለኝ።

"አምስት ወር።"

"ታዲያ እሳቸውን ምን ያደርጓቸዋል? ቢብስ ወደ ቤታቸው ይሸኟቸዋል። አንቺን ግን ያባርሩሻል፣ ምናልባትም ይከሱሻል። ሆድ ይፍጀው በይና ተይው።"

"እሺ" አልኩት። ያን ሰሞን ለሁሉም እሺ ነበር መልሴ።

ሁለት ወር እንዲሁ አለፈ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይሄንን ነው። ጠዋት ጠዋት በመጋዘኑ በር ሳልፍ ለጋሽ ሚዛን እንደምን አደሩ እላለሁ፤ እሳቸውም "እግዚአብሔር ይመስገን የኔ ልጅ፣ አንቺስ በረታሽ?" ይሉኛል። በርትቻለሁ እላቸዋለሁ። ምሳዬን እበላለሁ። እንቅልፍም አላጣሁም። እንቅልፍ ባጣ ለራሴ ያለኝ ግምት ትንሽ ከፍ ይል ነበር።

አንድ ረፋድ ጋሽ ሚዛን የፕላስቲክ ቤቱ ድረስ መጡ። መጥተው አያውቁም። በመደቦቹ መሀል ጠባቡን መንገድ ቅጠል እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ ገብተው፣ እኔ ከተነሳሁበት ባልዲ ላይ ተቀመጡ።

"የኔ ልጅ፣ ለማንም ከመናገሬ በፊት ለአንድ ሰው ልንገር ብዬ ነው" አሉ። "እኔ ነኝ።"

"ምኑ ነው እርስዎ?"

"ያጠፋሁት። መጀመሪያ እከራከር ነበር። እኔ እንዲህ አላደርግም፣ ሠላሳ ዓመት አላደረግኩም እል ነበር። አሁን ሳስበው ሳስበው፣ ያን ሰሞን ዓይኔ ያስቸግረኝ ነበር። ደግሞ ማን ሊሆን ይችላል? ቅጠሉ ልክ ነው። ውሃው ልክ ነው፤ ያንቺን መዝገብ አሳይተውኛል፣ አንድ ቀን አልጎደለም። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል አንዲት ቀን ያላጎደለች ልጅ እያለች፣ እኔ ሽማግሌው በምን አፌ እከራከራለሁ? ነገ ጠዋት ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ልፈርም ነው።"

"አይፈርሙ" አልኳቸው።

"ለምን?"

"ዝም ብለው አይፈርሙ፣ ጋሼ።"

"ያጠፋ ሰው ሲፈርም እኮ ይቀለዋል" አሉና፣ እንደ አገባባቸው ቅጠል ሳይነኩ ወጡ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የመጣብኝ ሐዘን ወይም ጸጸት አልነበረም፤ ልዋሽ አልፈልግም። የመጣብኝ ስሌት ነው። እኔ ዘጠኝ ጊዜ ውሸት ፈርሜያለሁ። ነገ ደግሞ እኚህ ሰው አሥረኛውን ሊፈርሙልኝ ነው፣ እውነት ነው ብለው አምነው። ይሄ ልክ አይመጣም። ጋውኔን ሳላወልቅ፣ እጄን ሳልታጠብ ወደ ከዚያስ ሄድኩ።

የተሰጣት ክፍል ጠባብ ነው፤ የጠረጴዛው አንድ እግር አጥሮ በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል። ቆሜ ተናገርኩ።

"አላጠጣሁም።"

መነጽሯን አደረገች። "የቱን?"

"አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ዘጠኝ ቀን። ቅጠሉ የመረረው በዚያ ነው። ጋሽ ሚዛን የሞሉት በልኩ ነው።"

ጻፈች። "መዝገቡስ?"

"ውሸት ነው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም የለም። ይኸው ነው።"

"ታመሽ ነበር?"

"አልታመምኩም።"

"ውሃ ጠፍቶ ነበር?"

"አልጠፋም። እዚያው ነበርኩ። ባልዲ ላይ ተቀምጬ አያቸው ነበር።"

"ለምን አላጠጣሽም?"

"አላውቅም።"

እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም። ወደ ኋላ መቁጠር ሥራዋ አይደል፣ "ከዘጠኙ ቀን በፊትስ?" አለችኝ።

"እናቴ ሞተች።"

"አዝናለሁ። ከዚያ በፊትስ?"

"ሆስፒታል ነበረች። በአፏ ምንም እንዳይገባ ብለው አዘዙ። መዋጥ አትችልም፣ ውሃው ወደ ሳንባዋ ይሄዳል አሉ።" ድምፄ መደብ የሚጠጣበትን ሰዓት እንደማነብ ያለ ነበር። "ሁለት ቀን ውሃ ለመነችኝ። አልሰጠኋትም። ጥጥ አርጥበሽ ከንፈሯን አርሺላት ተብዬ ነበር፣ እንደታዘዝኩት አደረግኩ። ጥጡን በጥርሷ ያዘችው። መንጭቄ ወሰድኩባት፣ ያንቃታል ብዬ።"

በዚህ ጊዜ "ከዚያስ?" አላለችም። እኔ ነኝ የቀጠልኩት።

"'አንቺ ቅጠል እንኳ ታጠጫለሽ' አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። በማግስቱ ሞተች።"

ከዚያስ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። "ምክንያት የሚል ቦታ አለ" አለች ቀስ ብላ። "የቤተሰብ ሐዘን ብዬ ልጻፈው?"

"አይሆንም። ታውቅ ነበር በይ። እያየች ነበር በይ።"

እንዳልኳት ጻፈች። ፈረምኩ። ለጋሽ ሚዛን እኔ ልንገራቸው ወይ አለችኝ፤ እኔ እነግራቸዋለሁ አልኳት።

መጋዘን ውስጥ ጠርሙሶቹን አሥር አሥር አድርገው መሬት ላይ ደርድረው ነበር። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ ነገርኳቸው፤ ዘጠኙን ቀን፣ ራይቶቹን፣ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ። ስለ እናቴ አልነገርኳቸውም፤ ማባበያ እንዳይመስል። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። አልሰደቡኝም።

"እንግዲያው እኔ በልኩ ነው የሞላሁት" አሉ።

"በልኩ ነው።"

"ይሄን መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ከመጀመሪያው።"

"ከሚዛኑ ሲያነሱኝ?"

"አዎ።"

"ጠዋት ጠዋት እንደምን አደሩ ስትይኝ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

በእጃቸው የያዙትን ጠርሙስ ከደርዱ ጋር አስተካክለው አኖሩት።

"ልጄ ወልዳለች" አሉኝ። "ከሚዛኑ ባነሱኝ ሳምንት ነው የተወለደው። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው። አምጥታ እቀፈው ስትለኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ጉንፋን። ይሄ እጅ ሰው ጥሏል፣ ሕፃን አይያዝበትም ብዬ ነው። አንድ ቀን አላቀፍኩትም።"

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። እኔን ሳያዩ ኮታቸውን ከሚስማሩ አውርደው፣ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ጊዜ ነው ያመመኝ።