በርቢ የተሰጠችኝ ባለገንቦ

የዛሬ ሁለት ዓመት ግንቦት ላይ ሂዊ ያቺን ተክል ከአዲስ አበባ ስታመጣት በፌስታል ጠቅልላ፣ እንደ ታመመ ጫጩት ደረቷ ላይ ለጥፋት ነበር። ሂዊ የአክስቴ የጥሩነሽ ልጅ ናት። አዲስ አበባ አበባ ቤት ትሠራለች። በዕድሜ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ በኩራት ደግሞ በሃያ። ፌስታሉ ሲፈታ ሦስት ቢጫ ቅጠልና አንድ የደረቀ ክር ወጣ።

«ለዚች ነው ደብረ ማርቆስ ድረስ የተለፋው?» አልኩ።

«ዝም በይ! ዝንብ የምትበላ ተክል ናት። ኔፔንተስ ትባላለች። የሩቅ አገር የተራራ ተክል ናት፤ ቀን ለብ ያለ፣ ማታ ብርድ ትፈልጋለች። እኛ ሱቅ ሙቀቱ ሊገድላት ነው። ያንቺ አገር ብርድ ይስማማት ይሆናል።»

ስሟን አፌ እምቢ አለ። ጤና ስታገኝ ከቅጠሏ ጫፍ ክዳን ያላት ትንሽ ገንቦ ታንጠለጥላለች ሲባል ግን «ባለገንቦ» አልኳት፤ በዚያው ጸደቀ።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ከእናቴ ጋር የሰው ልብስ አጥባለሁ። የምንኖረው አክስቴ ግቢ፣ ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ይሁንና ሂዊ አንድ ነገር ስትሰጠኝ ዝም ብዬ አልቀበልም።

«ካሳደግኳትስ? እኔ ምን አገኛለሁ?»

ሂዊ ሳቀች። «እሺ አንቺ ቀበኛ፣ በርቢ እሰጥሻለሁ።»

ርቢ እኛ ዘንድ የላም ነገር ነው። ላም ያለው ሰው መኖ ላለው ይሰጣል፤ ላሟ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች፣ የምትወልደውን ግን ይካፈላሉ። «እናትየዋ የእኔ» አለች ሂዊ፣ «ከወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ ያንቺ።» ርቢ ደግሞ ያለ እማኝ አይሆንም። እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

«እማ፣ ሰምተሻል?»

«ሰማሁ፣ ሰማሁ! እማኝ ነኝ። የማትታለብ ላም!» አለችና እስኪያስላት ሳቀች።

ባለገንቦ ድህነት የምትወድ ሆና ተገኘች። እናቴ ፍግ ልትጨምርባት ስትል እጇን ያዝኩት፤ ስልክ ያለው ጎረቤት ፈልጎ እንዳነበበልኝ፣ ፍግ ሥሯን ያቃጥለዋል። ጥቁር አፈርም አትወድም። ከድንጋይ ላይ እንደ ስፖንጅ የሚላጠውን አረንጓዴ ነገር ከከሰል ስብርባሪ ጋር ቀላቅዬ ተከልኳት። የቧንቧ ውኃ አይሆናትም፤ ውስጡ ያለው ጨው ይጠራቀምባታል። ከቆርቆሮ የሚወርደውም ዝገት አለው። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ግቢው መሀል ሳፋ ዘርግቼ ዝናብ ቀጥታ ከሰማይ ተቀበልኩ፤ ለበጋው አራት ጀሪካን ሞላሁ። ቧንቧ ደጃቸው ያለ ጎረቤቶች ሳፋ ታቅፌ ደመና ስጠብቅ አይተው «ይቺ ልጅ ነካ አድርጓታል» አሉ። ይበሉ። ጠዋት ለስላሳ ፀሐይ፣ ረፋድ ጥላ፣ ሲመሽ ቤት። እኔ ራሴ እንዲህ ተይዤ አላውቅም።

ስምንት ወር ምንም የለም። ከዚያ ከአዲስ ቅጠል ጫፍ ክር ወጣ። የክሩ ጫፍ ቀስ እያለ አበጠ፤ አንድ ጠዋት ስነሳ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ከንፈሩ ቀልቶ፣ ሆዱ ውኃ ይዞ አገኘሁት። የመጀመሪያዋ ዝንብ ጠርዙ ላይ አንሸራትቷት ስትገባ እልል አልኩ።

እናቴ ሮጣ መጣች። «ምንድን ነው? ሁዳዴ እኮ ነው! በጾም ዝንብ ትበላለች?»

«ተያት እማ፣ ክርስትና አልተነሳችም።»

በሁለተኛው ክረምት ከሥሯ ጎን ቡቃያ ብቅ አለች። የራሷን ሥር እስክታወጣ ጠበቅሁ፤ ከዚያ በምላጭ ለይቼ፣ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ደፍቼባት፣ አልጋዬ ራስጌ አስቀመጥኳት። ዕድሜዬን ሙሉ የምለብሰው ሂዊን የጠበባትን ነው። ጫማዬም የእሷ፣ ቦርሳዬም የእሷ ነበረ። ይቺ ግን ማንም ሳይጠግባት መጀመሪያ የእኔ የሆነች ናት። የጣት ጥፍር የምታህል ገንቦ ስታወጣ ስልክ ያለውን ሰው ሁሉ እየጎተትኩ ፎቶ አስነሣኋት።

ዘንድሮ ሂዊ ለፋሲካ መጣች። ሁለቱን ተክሎች ስታይ ዓይኗ ቦግ አለ።

«አገሬ! አንቺ ጠንቋይ! የራሴን አበባ ቤት ልከፍት ነው እኮ። ሁለቱንም መስኮቱ ላይ አደርጋቸዋለሁ።»

«ሁለቱንም?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ትንሿ የእኔ ናት። በርቢ ነው የሰጠሽኝ።»

«የምን ርቢ? አደራ ነው የሰጠሁሽ።» ፊቷ ላይ እፍረት የሚባል ነገር ፈለግሁ፤ ዝንብ እንኳ የምታህል አጣሁ።

ድምፃችን ከፍ ሲል አክስቴ መጣችና መሀላችን ቆመች። «በአንድ ቅጠል ከእህትሽ ትጣያለሽ?»

«አክስቴ፣ እርስዎ አልነበሩም። እኔ ግን እማኝ አለኝ። እማ! ነይ እስቲ!»

እናቴ ከልብሱ ተነሥታ አረፋ በእጇ እንደያዘች መጣች። ነገሩን ነገርኳት። ወደ እኔ አላየችም፤ ወደ አክስቴ አየች።

«እ... ጨዋታ መሰለኝ እታለም» አለች።

«እማ! ‹እማኝ ነኝ› አላልሽም?»

«አላልኩም።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እናቴ ዞረች። «እንግዲያ ይለይለት። እድላዊት፣ ‹ኪዳነ ምሕረትን፣ ርቢ ሲባል አልሰማሁም› በይና ይብቃ።»

ልቤ መለስ አለ። እናቴ በኪዳነ ምሕረት አትምልም። ወር በገባ በአሥራ ስድስት ሳትሄድ ቀርታ አታውቅም፤ ሰው ሲምልባት ስትሰማ እንኳ ታማትባለች። አሁን ትደነግጣለች፣ አሁን እውነቱን ታወጣለች ብዬ ፈገግ ሁሉ አልኩ።

«በይ እማ፣ ማይ» አልኳት እኔው።

እናቴ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ቀኝ እጇን አነሣች።

«ኪዳነ ም...»

«ተይው!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ትንሿን ከራስጌዬ አንሥቼ ሂዊ እቅፍ ውስጥ አስቀመጥኩ። «ውሰጂ። ያንቺ ናት። ማንም አይማል።»

ሂዊ ተክሏን በሁለት እጇ ያዘቻት። «ምን ነበር የምታጠጫት?» አለች ቀስ ብላ።

የቧንቧ ውኃ፣ ከፍግ ጋር፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ። ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ተክሏ ምን አደረገችኝ? ዝናቡን ነገርኳት፣ ጥላውን ነገርኳት፣ ገንቦው ውስጥ ያለው ውኃ እንዳይደፋ ነገርኳት። መኪና ላይ እንዳትዘነበል ጨርቅ ጠቀጠቅሁላት። የቀረውን ዝናብም በሁለት ሊትር ፕላስቲክ ሰጠኋት።

እነሱ ሲሄዱ እናቴ ከኋላዬ ነበረች።

«ልጄ፣ ቤቱ የአክስትሽ ነው። ውጡ ብትለን ተክሏ ታስጠልለናለች?»

«አታስጠልለንም።»

«እና?»

«እና ምንም። በጆሮዬ ‹ልጄ፣ ተያት› ብትዪኝ እተዋት ነበር። መጀመሪያ እኔን ብታዪኝ ኖሮ።»

«ደግሞ ልምል አልነበረም» አለች። «አፌን ከፈትኩ እንጂ ልምል አልነበረም።»

ክፉ ነገር አልተናገርኳትም። ግን ሳልጠይቃት ነው ያለችው። ደግሞም እጇን አይቻለሁ፤ እጇ አልተንቀጠቀጠም።

ወሩ በገባ በአሥራ ስድስት፣ ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። ሁልጊዜ አብረን ነው የምንሄደው።

«አትነሺም?»

«ልብስ አጥባለሁ» አልኳት።

በኪዳነ ምሕረት ቀን ልብስ! ሌላ ጊዜ ቢሆን ያቺ ቃል ከአፌ ሳትወጣ ጆሮዬ ይጠመዘዝ ነበር። እናቴ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ብቻዋን ሄደች።