ስድስተኛው ቀን

የእናቴ መድኃኒት ትናንት አልቋል፤ እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጥቻለሁ። ከጓዳ ወደ መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወደ መስኮት። ደግሞ ተመልሼ ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር እሸጉጣለሁ።

«ቅድም የለካሽው ገና አልቀዘቀዘም እኮ» አለች እናቴ።

«አንዴ ብቻ፣ እማዬ።»

ትኩሳት የለም። ከትናንት ወዲያም አልነበረም። ሳሉ ግን አለ፤ ያንን ደረቅ ሳል በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ፋርማሲስት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ባንኮኒ ተደግፌ «ተሻለኝ ብለው እንዳያቆሙ፣ ይጨርሱ!» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። እንደ እናቴ የሳንባ ምች ሲሆንማ አስር ቀን ካልሞላ ልቤ አይረጋም።

ያዘዘላት ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እኛ ቤት ሚጢጢ ነው። ንፍጡን የጠረግኩለት ልጅ መጥቶ «አምስት ቀን ይበቃታል» ሲለኝ እንዴት ብዬ ልመነው? ደወልኩለት።

«ዛሬም ትስላለች።»

«እህቴ፣ ሳሉ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ትኩሳቷ ጠፍቷል፣ ትበላለች፣ ትንፋሿ ደህና ነው። ከዚህ በላይ መስጠት ምንም አይጨምርላትም።»

«ብጨምርላት ምን ይጎዳታል?»



«እሱንማ አንቺም ታውቂዋለሽ» አለኝ።

አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ሌላ ሐኪም ያራዘመባት አንቲባዮቲክ ሆዷን በጥብጦት፣ በተቅማጥ ልናጣት ነበር። ይህን እያወቅኩም ቦርሳዬ ውስጥ ካፕሱል አለ። ከፋርማሲው ሳመጣው «ለማንኛውም» ብዬ ነው። ለማንኛውም የሚባል በሽታ የለም፤ ደንበኞቼን በዚህ የምቆጣቸው እኔው ራሴ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ሳሉ ሲደጋገምባት አልቻልኩም። ካፕሱሉን ከፍቼ ዱቄቱን እርጎ ላይ በተንኩት፤ ስኳር ጨምሬ አማሰልኩ። እንደ ሌባ ኮቴዬን አጥፍቼ ገባሁ።

እናቴ ማንኪያውን አፏ አጠገብ አድርሳ አቆመችው። አየችኝ።

«መድኃኒት ነው አይደል?»

መዋሸት አቃተኝ። «ነው።»

«ሚጢጢ ነው ያዘዘው?»

«አይ፣ እኔ ነኝ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ትራሱን ደገፍ ብላ ሳህኑን ወደ ጭኗ ሳበችው።

«እኔስ ድኛለሁ» አለች። «ግን ይሄን ከበላሁልሽ አርፈሽ ትቀመጫለሽ?»

ያለፈውን ዓመት አልረሳችውም። በሁለት ሰው ተደግፋ ሽንት ቤት ስትመላለስ በሀፍረት ያለቀሰችው እሷ ናት። ያንን ሁሉ እያወቀች፣ ለእኔ ስትል አፏን ከፈተች።

ማንኪያውን ከእጇ ነጠቅኳት፤ እርጎው አንሶላው ላይ ፈሰሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

«በቃ፣ በቃ» አለች እናቴ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች። «እስቲ አሁን ሳሌን በሰላም ልሳል።»