በቀኝ የሄደችው መኪና

"ስሜን ከዚያ ላይ አንሺው!" አሉ ሙሪየል ትሬልፎርድ፣ በከዘራቸው ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርድ እያመለከቱ።

የሙዚየሙ ኃላፊ ኢሞጅን መሰላሉ ላይ እንዳለች ደነገጠች። በእንግሊዝ አገር፣ በሃምፕሻየር፣ የድሮ የመኪናና የቤንዚን ማስታወቂያዎች ስብስብ ለሕዝብ ሊከፈት የቀረው አንድ ሰዓት ነበር። በየፖስተሩ ግርጌ የሠዓሊው ስም አለ፤ ሥዕሉን ቀለም በቀለም እየለዩ ለማተሚያ በሚያገለግል የዚንክ ሰሌዳ ላይ የገለበጡት ሠራተኞች ስም ግን የትም አልተጻፈም። ከእነሱ በሕይወት የተገኙት የዘጠና አንድ ዓመቷ ሙሪየል ብቻ ናቸው። ኢሞጅን ልታከብራቸው ፈልጋ፣ ከሁሉ በሚያምረው የባሕር ዳርቻ ፖስተር ሥር ስማቸውን አስፍራ ነበር።

"ይሄ የባልደረባዬ የኢነድ ኮልደር ሥራ ነው" አሉ ሙሪየል። "ባሕር እንደሷ አሳምሮ የሚያወጣ አልነበረም።"

"እማዬ፣ ኢነድ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ። ማን ይቃወምሻል?" አለች ልጃቸው ጊልየን።

"እኔ አለሁ አይደል?"

ኢሞጅን ወረደች። "ታዲያ የእርስዎ የትኛው ነው?"

ሙሪየል ወደ ጥጉ ሄዱ። መኪና በግራ በሚነዳባት እንግሊዝ፣ ሴት የምትነዳት አንዲት ቀይ መኪና የመንገዱን ቀኝ ይዛ ዳገት ትወጣለች። ካርዱ "ለፈረንሳይ ገበያ የተዘጋጀ ሳይሆን አይቀርም" ይላል።

"የምን ፈረንሳይ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዚንክ ላይ ሥዕል ተገልብጦ ነው የሚሣለው፣ ወረቀቱ ላይ ቀንቶ እንዲወጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሳልገለብጥ ሣልኩት። ሌሎቹ ሠራተኞችም ቀለማቸውን በእኔ መስመር አስኬዱ። ፊደል ጻፊው ብቻ የራሱን በትክክል ሠራ። አራት መቶ የቤንዚን ማመላለሻ መኪና ጎን ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው አንድ ሹፌር 'ይቺ ሴትዮ ልትገጨኝ ነው' ብሎ የሳቀው።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ" አለች ጊልየን። "ሰባ ዓመት የተረሳ ነገር! እንግዳው ሁሉ ሊስቅብሽ ነው እኮ።"

ሙሪየል ወደ ፖስተሩ ዞሩ። ልጃቸው እውነቷን ነው። ያኔ ዓመት ሙሉ "ቀኝ ነጂዋ" እየተባሉ ተተርበዋል፤ መጸዳጃ ቤት ተደብቀውም አልቅሰዋል። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሠሩ አንድም ሥዕል አላበላሹም፤ ከሥራቸው ሁሉ እዚህ የደረሰው ግን ይኸው ብቻ ነው።

መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ። ዘጠኝ ቀለም በአንዲት መስመራቸው ላይ ተገናኝቶ፣ ፀጉር የምታሳልፍ ክፍተት እንኳ የለውም። ከደመናው ሥር ያለችው ሐምራዊ፣ በጣታቸው እያሹ ያወጧት፣ አልደበዘዘችም። ኮሩ። በሕይወታቸው እንዲህ ኮርተው አያውቁም።

"ባሕሩ ሥር ኢነድ ኮልደር ብለሽ ጻፊ" አሉ ኢሞጅንን።

"ለዚህኛውስ?"

እስክሪብቶውን ከእጇ ተቀብለው ፈረንሳይ የሚለውን ሰረዙ። ካርዱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በትልልቁ ጻፉ፦ "ሙሪየል ትሬልፎርድ ሣለችው። መንገዱ ተሳስቷል፤ ቀለሙን እዩት።"