ዳገት ላይ የቆመው የሙሽራ መኪና

ሰርገኛ በመጣበት መንገድ አይመለስም፤ ከአባቷ ቤት የወጣች ሙሽራም ወደ ኋላ አታይም። ስለዚህ በሜዳው መጥተው፣ ሙሽራው ወደሚጠብቅበት ቤት በዳገቱ ተመለሱ። ሙሽራዋን በታክሲው የጫነው የሙሽራው አጎት ቪቶሚር ነበር፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚችው ታክሲ ነው።

ዳገቱን እንዳጋመሱ ከማሞቂያው የሚወጣው አየር ድንገት ቀዘቀዘ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ግን ቀዩ ላይ ተጋድሟል። በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢያይ የሚከተሉት መኪኖች የሉም፤ ነጭ ጭስ ውጧቸዋል።

«አጎቴ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ እኮ!» አለች ሙሽራዋ ስታና።

ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ኮፈኑን ሲከፍት የውኃ መያዣው ይንተከተካል። የዘይቱን ክዳን በጨርቅ ይዞ ፈታው። ከሥሩ ነጣ ያለ ወፍራም ነገር ተለጥፎ ወጣ፤ ቁርጥ የወተት ስልባቦት። ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል፤ ሁለቱን የሚለየው፣ በሞተሩ ራስ በቴስታታው ሥር ያለው ጋስኬት ተበልቷል ማለት ነው።

ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲጨምር ከርሟል። መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ የት ይገባል ብሎ አልጠየቀም። የጧቱን ነጭ ጭስም «ብርዱ ነው» ይል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የነዳ ሰው!

ሚዜው ኦብረን የፕሪም አረቄውን እንዳንጠለጠለ እየሮጠ መጣ። «ጋሽ ቪቶሚር፣ ጫፉ እኮ እዚህ ነው! ውኃ ጨምርና ግፋ!»

«ብገፋው ሞተሩ ተቃጥሎ ይቀራል።»

«ልትመለስ ነው? ሙሽራ ጭነህ? ልጁን ሳያገባ ልታፋታው!»

ስታና ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። «ሙሽራዋ እኔ እንጂ መኪናው አይደለም። እሱ ይመለስ። ኦብረን፣ ያንተ መኪና ቦታ አለው?»

«ጥሩምባ ነፊዎቹ ሞልተውታል።»

«ታዲያ ይውረዱና በእግራቸው እየነፉ ይምጡ!»

ሰርገኛው በሳቅ ፈረሰ። ቪቶሚር ግን አልሳቀም። ታክሲዋን በሰው ኃይል አዙረውለት፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልቁል ለቀቃት። ያለ ሞተር ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ስለጠጠረበት በሁለት እግሩ ረገጠው።

ከዳገቱ ግርጌ ያለው መካኒክ የዘይቱን ክዳን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«በጊዜ ባታጠፋው ሞተር አልነበረህም» አለ። ከዚያ ኮፈኑ ላይ የታሰረውን አበባ አየና ቀና አለ። «ቆይ፣ በዚህ ነው ሙሽራ የጫንከው?»

ቪቶሚር አበባውን ከኮፈኑ ላይ መፍታት ጀመረ።